መልስ፦ በዝናብና በዝቅተኛ ደመና በአይኤልኤስ ወደ ቦሌ ከመውረድ በፊት

ሰላም። «ደመናው ዝቅ ብሎ ዝናብ ሲጥል ወደ ቦሌ በአይኤልኤስ ለመግባት ከመውረዴ በፊት ምን ላዘጋጅ?» ብለዋል። አይኤልኤስ አውሮፕላኑን በሬዲዮ ምልክት ወደ ማኮብኮቢያው የሚመራ ሥርዓት ነው። ለሌላው አብራሪ የሚሰጡትን የአቀራረብ ገለጻ መውረድ ከመጀመርዎ 10 ደቂቃ ያህል ቀድመው ይጨርሱት፤ ከዚያ በኋላ ሬዲዮው ፋታ አይሰጥም። የአቀራረብ ካርታው የወቅቱ እትም ይሁን። የአይኤልኤሱን ፍሪኩዌንሲ ካስገቡ በኋላ ጣቢያው በሞርስ ኮድ የሚያሰማውን መለያ ይስሙ፤ ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ጣቢያው ጥገና ላይ ሊሆን ይችላል።

ቦሌ ላይ ዋናው ጉዳይ ከፍታው ነው። ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ 7,600 ጫማ ገደማ ስለሆነ መሣሪያው 140 ኖት (የባሕር ማይል በሰዓት) ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት 160 አካባቢ ነው። በ3 ዲግሪ ቁልቁለት የመሬት ፍጥነቱን በ5 ያባዙት፦ ነፋስ ከሌለ በደቂቃ 800 ጫማ መውረድ አለብዎ፤ በባሕር ጠለል ግን 700 ይበቃ ነበር። 10 ኖት የጀርባ ነፋስ ካለ 850 ይደርሳል። ይህን ያላሰላ አብራሪ ከቁልቁለቱ በላይ ይቀርና ዘግይቶ አፍንጫ ይደፋል።

ኪውኤንኤችን (ከፍታ መለኪያው ላይ የሚገባውን የአየር ግፊት ቁጥር) ሁለታችሁም አብራሪዎች ለየብቻ አረጋግጡ። 1013ን 1023 ብሎ ማስገባት አውሮፕላኑን ከሚታየው ከፍታ 300 ጫማ ያህል ዝቅ ያደርገዋል፤ የምድብ አንድ አይኤልኤስ ውሳኔ ከፍታ (ማኮብኮቢያው ካልታየ ዳግም የሚወጡበት) ደግሞ ከማኮብኮቢያው ጫፍ በላይ 200 ጫማ ብቻ ነው! ስሕተቱን የሚይዝልዎ ካርታው ላይ የተጻፈው የቁልቁለት ማረጋገጫ ከፍታ ነውና እዚያ ነጥብ ላይ ቁጥሩን ጮክ ብለው ያንብቡ።

ዳግም መውጫውን (ማረፉ ካልተሳካ የሚወጡበትን መንገድ) በቃል ይያዙ፤ በሳሳ አየር መውጣት ደካማ ነው። ወደ ተለዋጭ ሜዳ የሚያዞርዎትን የነዳጅ መጠን አስቀድመው ይጻፉ። ከሜዳው 1,000 ጫማ በላይ ሲደርሱ ፍጥነቱና ቁልቁለቱ ካልረጉ ማረፉን ትተው ዳግም ይውጡ።