ወፍ መከታተል እንጀራ ይሆናል?

አንዲት አንባቢ የላከችልኝን ጥያቄ አሳጥሬ ላስቀምጥ። «ዘንድሮ በባዮሎጂ እመረቃለሁ። ያደግኩት ሰሜን ሸዋ ገጠር ነው። ከአውሮፓ መጥተው እኛ ደጋ የሚቆዩ ትንንሽ ወፎች ቁጥራቸው እየቀነሰ እንደሆነ አነበብኩ። ተመራማሪዎች መሣሪያ አስረውባቸው መንገዳቸውን ይከታተላሉ። እኔም እዚህ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። ቤተሰቦቼ ግን ‹የተማርሽው ወፍ ልትቆጥሪ ነው?› ይሉኛል። የባንክ ፈተና ልፈተን ወይስ በዚሁ ልግፋ?»

እህቴ፣ የባንኩን ነገር እናስቀድም። ፈተናው ከወጣ ተፈተኚ። ሁለቱ አይጣሉም። የወፍ ሥራ ቶሎ ደመወዝ አያመጣም፤ የቤት ኪራይ ግን ወሩን ጠብቆ ይመጣል። «የአእዋፍ ተመራማሪ፣ 0 ዓመት የሥራ ልምድ» የሚል ማስታወቂያ እስካሁን አላየሁም። ቶሎ ታያለሽ ብዬም አልሸነግልሽም።

ምኞትሽ ግን ቀልድ አይደለም። ኦርቶላን የምትባለውን ወፍ እንውሰድ። ክብደቷ ከ20 እስከ 25 ግራም አካባቢ ነው። በአውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ1980 ወዲህ ቁጥሯ ከ80 በመቶ በላይ ወርዷል። ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ውስጥ በጉዞዋ ላይ እያጠመዱ፣ እያደለቡ ይበሏት ነበር። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1999 በሕግ ብትከለክልም በድብቅ ቀጠለ። አዳኞቹ መከራከሪያ ነበራቸው፦ «እኛ የምንይዛቸው ከመላው አውሮፓ ከሚመጣ ብዙ መንጋ ነው፤ ጥቂት ቢጎድልበት ምንም አይሆንም።»

ይሄን ክርክር የፈታው ዳታ ነው። በፓሪስ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተመራማሪ በሆነው በፍሬደሪክ ዢጌ የተመራ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2019 ጥናቱን አሳተመ። ብርሃን መዝጋቢ መሣሪያ፣ የላባ ኬሚስትሪና ዘረመል አንድ ላይ ተጠቅመዋል። በፈረንሳይ የሚያልፉት ከሰሜንና ከምዕራብ አውሮፓ የሚነሱት ብቻ ሆነው ተገኙ። እነሱ ደግሞ በቁጥር ጥቂት፣ የተበታተኑና እየመነመኑ ያሉ ናቸው። የሚያቀኑትም ወደ ምዕራብ አፍሪካ ነው። ከምሥራቅ አውሮፓና ከሩሲያ የሚነሱት በሌላ መንገድ ይመጣሉ። ማረፊያቸው የኢትዮጵያ ደጋ ነው። የእነሱ ክረምት የእኛ በጋ ስለሆነ አጨዳ ሲደርስ እዚህ ናቸው።

አሁን መሣሪያውን በደንብ እይው፤ የሥራ ዕድልሽ ያለው እሱ በማይችለው ነገር ላይ ነው። ጂኦሎኬተር ይባላል። አንድ ግራም እንኳ አይሞላም። ወፏ ላይ በስስ ማሰሪያ እንደ ቦርሳ ይታዘላል። የሚመዘግበው ብርሃንና ሰዓት ነው። የቀኑ ርዝመት ወፏ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ምን ያህል እንደሄደች ይጠቁማል። እኩለ ቀኑ የዋለበት ሰዓት ደግሞ ምሥራቅና ምዕራቡን። መልእክት አይልክም። ስለዚህ በዓመቱ ያችኑ ወፍ፣ እዚያው አገሯ ላይ መልሶ መያዝ ግድ ነው። ካልተመለሰች ዳታውም አብሯት ቀረ። በመስቀል ሰሞን ደግሞ ቀንና ሌሊት በየአገሩ እኩል ስለሚሆኑ የሰሜንና ደቡቡ ስሌት ይጠፋበታል። ወፎቹ ወደኛ የሚጓዙት በዚያው ሰሞን መሆኑ ያናድዳል።

ስህተቱም ቀላል አይደለም። መቶ፣ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ሊያዛንፍ ይችላል። ስለዚህ «የኢትዮጵያ ደጋ» ይላል እንጂ ገብስ ማሳ ላይ ይሁን ጤፍ ማሳ ላይ፣ ታርሶ ባደረው መሬት ይሁን በግጦሹ፣ አይነግርሽም። ያንን የሚያውቀው ማሳው ላይ የቆመ ሰው ነው። ወፍ ስትጠብቂ፣ ወንጭፍ ስትወነጭፊ ካደግሽ የትኛው ማሳ መቼ እንደሚታጨድ፣ ቃርሚያው እስከ መቼ እንደሚቆይ፣ ከብት መቼ እንደሚለቀቅበት ታውቂያለሽ። ፓሪስ ያለ ተመራማሪ ይሄን በአንድ የመስክ ጉዞ አይማረውም። ሲቪሽ ላይ መጻፍ ያለበትም ይሄ ነው። «ተፈጥሮ እወዳለሁ» የሚለውን አውጪው፤ ሁሉም ይጽፈዋል።

ታዲያ በባዶ እጅ አይሆንም። ከጥቅምት እስከ መጋቢት፣ ቤተሰብ ጋር ስትሄጂ፣ አንድ ኪሎ ሜትር የማሳ መንገድ ምረጪ። ሁልጊዜ ያችኑ መንገድ፣ ጎህ ከቀደደ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሰዓት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ዝርያውን፣ ቁጥሩን፣ የማሳውን ዓይነት ጻፊ። ምንም ካላየሽ ዜሮ ብለሽ ጻፊ። ጀማሪዎች ዜሮውን ስለሚዘሉት ድካማቸው ለስሌት አይሆንም። ኦርቶላንን በሮዝ ምንቃሯ፣ በዓይኗ ዙሪያ ባለው ቢጫማ ቀለበትና በቢጫማ ጉሮሮዋ ትለያታለሽ። ጉሮሮው ዝገት ከመሰለ የቅርብ ዘመዷ ሊሆን ይችላልና አትቸኩዪ። መዝገብሽን ኢበርድ (eBird) በሚባለው የወፍ ምልከታ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ ጫኚው፤ ነፃ ነው።

መረብ ዘርግተሽ ለመያዝ ግን እንዳትሞክሪ። ሥልጠና ይፈልጋል፤ ከኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንም ፈቃድ። ወፍ በእጅ ሲያዝ ደረቱ ከተጨመቀ መተንፈስ አይችልም፤ ይሄን ከቪዲዮ አትማሪውም። ኬንያ ውስጥ ጻቮ ዌስት ፓርክ፣ ንጉሊያ የሚባል ቦታ፣ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ኅዳርና ታኅሣሥ አካባቢ ወፎችን ይዞ እግራቸው ላይ መለያ ቀለበት የማሰር ሥራ አለ። በጭጋጋማ ሌሊት እዚያ ያለው ሎጅ መብራት ከሰሜን የሚመጡትን ስደተኛ ወፎች ይስባቸዋል። ጎረቤት አገር ያለ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው።

ሁለተኛው ነገር ኮምፒውተር ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ጨከን ልበል። የዚህ ሙያ አብዛኛው ሰዓት የሚያልፈው ከላፕቶፕ ፊት ነው። አር ስቱዲዮ (ዳታ የሚተነተንበት ፕሮግራም) እና የካርታ ሥራ ካልቻልሽ ተሸካሚና መንገድ መሪ ሆነሽ ትቀሪያለሽ፤ ጽሑፉ ላይ ስምሽ ምስጋና ውስጥ ይገባል፣ በቃ። ከቻልሽ ግን የነፋስ ኃይል ማመንጫና የኤሌክትሪክ መስመር ሲታቀድ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት የሚሠሩ ድርጅቶችም ይፈልጉሻል። ወፍ የሚለይም፣ ሪፖርት የሚጽፍም ሰው ቶሎ አይገኝም። ለቤተሰቦችሽ የምትነግሪያቸውም ይሄን ይሁን፤ አስጎብኚነትም አለ፣ ገበያው ግን እንደ ሰላሙ ነው።

ለማስተርስ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲንና ወንዶ ገነትን እይ። ከአገር ውጭ ናይጄሪያ ጆስ የሚገኘው የኤ.ፒ. ሌቨንቲስ ተቋምና የኬፕ ታውኑ ፊትዝፓትሪክ ተቋም በጥበቃ ባዮሎጂ ያስተምራሉ። ለመስክ ወጪ ደግሞ ሩፎርድ የተባለው የእንግሊዝ ፋውንዴሽን ለጀማሪዎች አነስተኛ ድጎማ ይሰጣል። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አባል መሆንም አለብሽ፤ ሰው የምታውቂው እዚያ ነው።

ለፕሮፌሰር ስትጽፊ ኢሜይሉ ከስድስት መስመር አይብለጥ። ማን እንደሆንሽ፣ የት ማሳ ላይ እንደቆጠርሽ፣ ምን እንዳየሽ፣ ምን መጠየቅ እንደምትፈልጊ። ሠንጠረዡን አያይዢው፣ ዜሮዎቹም ሳይቀሩ። በሁለት ሳምንት ካልመለሰ አንዴ አስታውሺው። ሁለተኛም ዝም ካለ ወደሚቀጥለው ሰው ሂጂ።