ጆሮዋ ያልተከፈተው ግልገል

ልጆቼ፣

«በአይጥ ግልገል የሠራ መድኃኒት ጨቅላ ሕፃን ላይ ሲደርስ ለምን ይከሽፋል?» የምትለው የአንዳችሁ ጥያቄ የጨቅላ ሕፃናትን መንዘፍዘፍ ለማስቆም የተሞከረውን የቡሜታናይድን ነገር ቀሰቀሰችብኝ። ሙያችንን ዛሬም ይቆጨዋል።

ሐሳቡ ያምር ነበር። ጋባ የተባለው የአንጎል መልእክተኛ ኬሚካል የአዋቂን ነርቭ ያበርዳል። በጨቅላ አንጎል ግን ኤንኬሲሲ1 የተባለው ፕሮቲን ክሎራይድ ወደ ነርቩ ውስጥ ያከማቻል፤ ጋባ በሩን ሲከፍት ክሎራይዱ ወደ ውጭ ይፈስሳል፣ ነርቩም ይነቃቃል። በጋባ በኩል የሚሠራው የመንዘፍዘፍ መድኃኒት ፌኖባርቢታል አንዳንዶቹን ጨቅላዎች የማይረዳው በከፊል ለዚህ ነው ተባለ። ቡሜታናይድ፣ ያው የታወቀው ሽንት አሸኚ፣ ኤንኬሲሲ1ን ይዘጋል። በ2005 (እንደ አውሮፓውያን) በግልገሎች ላይ የታየው ውጤት ሁሉንም አስደሰተ።

ከዚያ በአውሮፓ 14 ጨቅላዎች የገቡበት የመጠን ፍለጋ ሙከራ ሳያልቅ ቆመ። በ2015 ሲታተም፣ በሕይወት ከተረፉት 11 ሕፃናት 3ቱ የመስማት ጉዳት ነበራቸው። የውስጥ ጆሮን ፈሳሽ ለማዘጋጀት ያው ኤንኬሲሲ1 ያስፈልጋላ! የአይጥ ግልገል ጆሮ የሚከፈተው ግን በ12 ቀኗ ገደማ ነው፤ መድኃኒቱም የሚፈተነው በዚያው ዕድሜ አካባቢ። ያልተከፈተ ጆሮ መጎዳቱን በምን ያስታውቃል?

ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን የማነጻጸሪያ ቡድን አለመኖሩ ነው። ሕፃናቱ ሲወለዱ ታፍነው የተጎዱ ናቸው፤ ጆሮ የሚጎዱ እንደ ጄንታማይሲን ያሉ አንቲባዮቲኮችም ይሰጡ ነበር። ጥፋቱ የማን እንደሆነ በምን ይለያል? ደግሞ ቡሜታናይድ ከደም ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ አንጎል የሚደርሰው ጥቂት ነው። በ2021 የታተመው የቦስተን ሙከራ ማነጻጸሪያ ነበረው፤ በኢኢጂ (የአንጎልን ኤሌክትሪክ በሚመዘግበው መሣሪያ) የሚታየው መንዘፍዘፍ መቀነሱንም አሳየ። ዘግይቶ መጣ እንጂ።

እናንተ የዛሬ ልጆች ሶፍትዌር የቆጠረላችሁን ይዛችሁ ትሮጣላችሁ። የመተንፈሻ መሣሪያ ንዝረት ወይም የልብ ምት መንዘፍዘፍ ተብሎ ሲቆጠር ጥሬውን የኢኢጂ መስመር ያላየ አያውቅም። ዓይንም ያታልላል፦ በኪሎ 20 ሚሊግራም ፌኖባርቢታል ከተሰጠ በኋላ እጅና እግሩ ረግቶ አንጎሉ ግን መንዘፍዘፉን ሊቀጥል ይችላል። ኢኢጂውን ቶሎ አትንቀሉት።

አትቸኩሉ እላለሁ፤ ከ1912 ጀምሮ የምናውቀው ፌኖባርቢታል እስከ ዛሬ የመጀመሪያ ምርጫ መሆኑ ደግሞ ያናድደኛል። በ2020 በታተመው ንጽጽር ግን መንዘፍዘፉ ቆሞ 24 ሰዓት የቆየላቸው በፌኖባርቢታል 80 ከመቶ፣ በሌላው የመንዘፍዘፍ መድኃኒት በሌቬቲራሴታም 28 ከመቶ ነበሩ። አዲስ መድኃኒት የያዘ ሰው ግልገሎቹን ጆሯቸው እስኪከፈት አሳድጎ መስማታቸውን ይለካ፤ መድኃኒቱንም ከደም ብቻ ሳይሆን ከአንጎል ቲሹም ይለካ።