«ኤች ዲ ቀርጬ 1440 ይላል» ላልከው ወንድማችን

ሰላም ወንድሜ። በኤች ዲ የቀረጽከውን ሰርግ አንዱ ማጫወቻ 1440 በ1080፣ ሌላው 1888 በ1062 እያለ ግራ እንዳጋባህ ጽፈሃል። «ካሜራው ተበላሽቶ ይሆን?» ላልከው፣ አልተበላሸም። ለጥገና ብለህ አዲስ አበባ ድረስ እንዳትልከው። እኔ እዚህ ሐዋሳ ሰርግ ስቀርጽ የኖርኩ ነኝ፤ በዚሁ ጣጣ ገንዘብ ቀርቶብኛል።

1. መቼም አንተም የያዝከው ካሴት የሚጎርሰውን የድሮ ኤች ዲ ቪ ካሜራ ነው። እሱ 1080 ላይ ሲቀርጽ ወርዱን የሚጽፈው 1440 ፒክስል (ምስሉ የሚሠራባቸው ነጥቦች) አድርጎ ነው። ግን እያንዳንዱ ፒክስል ከቁመቱ በአንድ ሦስተኛ ይሰፋል ተብሎ ነው የሚታሰበው። 1440ን በ4 አባዝተህ ለ3 ብታካፍል 1920 ይመጣልሃል። ፋይሉ ውስጥ ይህንን የሚናገር ምልክት አለ፤ ምልክቱን የሚያነብ ማጫወቻ ዘርግቶ ያሳይሃል፤ የማያነበው ይጨምቀዋል።

2. 1888 በ1062 የሚልህ የድሮው ማጫወቻ ኩዊክታይም 7 ነው። ከግራና ከቀኝ 16፣ ከላይና ከታች 9 ፒክስል ይደብቃል። ከፋይሉ ላይ ምንም አልተቆረጠም። የፊልሙን ፕሮፐርቲስ ክፈትና ፕሬዘንቴሽን የሚለው ውስጥ አፐርቸሩን (የሚታየውን የምስል ክልል) ፕሮዳክሽን አድርገው፣ 1920 በ1080 ይሆንልሃል።

3. ኤክስፖርት፣ ማለትም ያለቀውን ቪዲዮ ፋይል አድርጎ ማውጣት። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ሥራ ሲበዛብኝ አንድ ሰርግ ለኤዲቲንግ ቤት ሰጠሁ። «1920 በ1080፣ ስኩዌር ፒክስል» ብዬ ካሴቱ ላይ ጽፌ ለጠፍኩ፤ ስኩዌር ማለት ወርዱና ቁመቱ እኩል የሆነ ፒክስል ነው። ሰውየው ወረቀቱን አንብቦ ሳቀ። ከዚያ 1440ውን እንዳለ፣ ፒክስሉን ስኩዌር አድርጎ አወጣው። 16 በ9 የነበረው ምስል 4 በ3 ውስጥ ተጨመቀ ማለት ነው። ፍቅር ሐይቅ ዳር የተነሡት ሚዜዎች ሁሉ ሸንበቆ መስለው ቁጭ አሉ። የሙሽራዋ እናት ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመው «ልጄን ምን አድርጋችሁ ነው እንዲህ ያከሳችኋት?» አሉኝ። ቀሪ ክፍያዬም በዚያው ቀረ።

ተመልሼ ስሄድ ሰውየው ፕሮፐርቲስ ከፍቶ «ካሜራህ ራሱ 1440 ነው፤ እኛ ምን እናድርግህ?» ብሎኝ ወደ ስልኩ ዞረ። ይቅርታ የለ፣ ቁጭ በል የለ። ካሴቱን ይዤ ወጣሁ፣ በራሴ ላፕቶፕ እንደ አዲስ ሠርቼ አስረከብኩ። ዛሬ የዚያ ቤት ደንበኞች የተጨመቀ ቪዲዮ ይዘው የሚመጡት እኔ ጋ ነው። አልዋሽህም፣ ደስ ይለኛል።

4. ቪኤልሲ የሚባለው ማጫወቻ የኮዴክ (ቪዲዮው የሚታሸግበት ስልት) መረጃው ላይ 1088 ካለህ ደግሞ እለፈው። ኮዴኩ ምስሉን 16 በ16 እየከፋፈለ ነው የሚያሽገው፤ 1080 ለ16 እኩል አይካፈልም። ስለዚህ 8 መስመር ጨምሮ 1088 ያደርገዋል፣ ሲያሳይ ይደብቀዋል።

ፋይል ስትረከብ ሚዲያኢንፎ በሚባለው የፋይል ዝርዝር በሚያሳይ ፕሮግራም ክፈተው። ወርዱ 1440 ሆኖ የማሳያው ምጥጥን 16 በ9 ካለ ተቀበል። 4 በ3 ካለ ግን ፍላሹን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተውላቸው፤ ሳያስተካክሉ ሳንቲም እንዳትከፍል።