ከቀለበቱ በኋላ ስለሚመጣው ወረቀት

ልጆቼ፣

ሽማግሌዎች የልጅቷን ቤት ደጃፍ ረግጠው «ልጃችሁን ለልጃችን» ካሉበት ቀን አንሥቶ ሙሽሮቹ ዳስ እስኪገቡ ድረስ ያለው ጊዜ በእኛ አገር ድግስ አይለየውም። ሽምግልናው ራሱ ምሳ አለው፤ ቀለበቱ ኬክ አለው፤ ሚዜዎች ሲመረጡ ቡና ይፈላል፤ በዋዜማው እንሶስላው ይሞቃል፣ ዘፈኑ ይደምቃል። እኔ እነዚህን ትንንሽ ድግሶች ከዋናው ሠርግ አብልጬ እወዳቸዋለሁ። በዋናው ሠርግ ሙሽሮቹ ለካሜራ ሲሉ አንገታቸውን አቅንተው ይውላሉ፤ በእነዚህ ግን ይበላሉ፣ ይቀልዳሉ፣ አንዳንዴም ያለቅሳሉ።

ከዚህ ሁሉ መካከል ግን ድግስ የሚነፈገው አንድ ቀን አለ፤ ጋብቻን በሚመዘግበው የወረዳ ሠራተኛ፣ በክብር መዝገብ ሹም ፊት የሚፈረምበት ቀን። ብዙዎች ከመሥሪያ ቤት ሁለት ሰዓት አስፈቅደው፣ ምስክር የጎደለ እንደሆነም ኮሪደር ላይ ያገኙትን ሰው ለምነው፣ ፈርመው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። በቤተሰብ ጉዳይ ስከራከር የኖርኩ ጠበቃ ነኝና ይህ ነገር ያናድደኛል። ለአዳራሹ መጋረጃ ቀለም ሦስት ሳምንት የተጨቃጨቁ ልጆች የሚፈርሙትን ወረቀት ቆመው ሳያነቡ ይፈርማሉ።

ቀለበቱን አስቀድመን እንየው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ መተጫጨት ራሱን የቻለ ክፍል ነበረው፤ መተጫጨቱ ቢፈርስ ስጦታው እንዴት እንደሚመለስ ጭምር ይናገር ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ይህን ክፍል አላስገባውም። ስለዚህ ይህ ሕግ በሚሠራባቸው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ቀለበት ማሰር ማንንም ባል ወይም ሚስት አያደርግም። (ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል፤ እዚያ ያላችሁ የክልላችሁን ሕግ አንብቡ።) ቀለበቱን እሰሩ፣ ኬኩንም ቁረሱ። ነገር ግን «አንድ ሆነናል» ብላችሁ ሁለታችሁ ያዋጣችሁትን ገንዘብ በአንዳችሁ ስም ብቻ በሚመዘገብ መኪና ወይም ቦታ ላይ አታውሉ። በሥራዬ ካየኋቸው መራራ ክርክሮች አንዳንዶቹ በቀለበትና በሠርግ መካከል ባሉት ወራት በተገዛ ንብረት ላይ የተነሡ ናቸው። በዚያን ጊዜ የተገዛውን የጋራ ነው የሚል የጋብቻ ሕግ የለም፤ ማን ስንት እንዳዋጣ በባንክ ደረሰኝና በምስክር ማስረዳት ይጠይቃል።

የወረዳው ጣጣ ብዙ አያስፈራም። የነዋሪነት መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ያላገባ ማስረጃ፣ ቀድሞ ያገባ ሰው ከሆነም የፍቺው ውሳኔ ግልባጭ ይጠየቃል። ሁለታችሁም 18 ዓመት የሞላችሁ መሆን አለባችሁ። የምትፈርሙበት ቦታ ከሁለት አንዳችሁ፣ ወይም ወላጅ ወይም የቅርብ ዘመዳችሁ፣ ቢያንስ አንድ ወር የኖረበት ይሁን። ለመጋባት ማሰባችሁንም ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ለክብር መዝገብ ሹሙ አሳውቁ። ሹሙ ይህን ይፋ የሚያደርገው ተቃውሞ ያለው ሰው እንዲቀርብ ነው። ሠርጉን ጥር ላይ ቀጥራችሁ ወረዳ የምትሄዱት የጥር ሚካኤል ማግስት ከሆነ ጥፋቱ የወረዳው ጸሐፊ አይደለም። ውጭ አገር ያለ እጮኛም ወንድሙን ወክሎ ማስፈረም የሚችል እንዳይመስለው፤ ከባድ ምክንያት ኖሮ የፍትሕ ሚኒስቴር ካልፈቀደ በቀር ሁለቱም ተጋቢዎች ራሳቸው መገኘት አለባቸው።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ወደ ጋብቻ ውል፣ ተጋቢዎች ሀብትና ዕዳቸው እንዴት እንደሚያዝ ወደሚስማሙበት ጽሑፍ። ወጣቶች ይህን ስም ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል። «ገና ሳንጋባ ስለ ፍቺ እናስብ እንዴ?» ይላሉ። ውል ባትጽፉም እኮ ውል አላችሁ፤ የሕጉን ውል ትወስዳላችሁ። ያ ውል ምን እንደሚል የሚያውቅ ሙሽራ ግን ብዙ አላጋጠመኝም።

እንዲህ ይላል። ከጋብቻው ቀን በፊት የነበራችሁ ሀብት፣ ከጋብቻ በኋላም በውርስ ወይም በስጦታ የምታገኙት፣ የግል ሀብታችሁ ሆኖ ይቆያል። ደመወዛችሁ ግን የጋራ ነው። እዚህ ድረስ ሁሉም ይስማማል። ቀጥሎ የሚመጣው ነው ብዙዎችን የሚያስደነግጠው፦ ከግል ሀብት የሚገኘው ገቢም የጋራ ነው። ከአባቷ የወረሰችውን ቤት የምታከራይ ልጅ ቤቱ የእርሷ ነው፤ ኪራዩ ግን ከተጋቡበት ቀን ጀምሮ የሁለቱ ነው። የግሌ ነው የሚል ሰው ካላስረዳ በስተቀርም ማንኛውም ንብረት የጋራ እንደሆነ ይገመታል። በአንድ ሰው ስም መመዝገቡ ብቻውን አያድነውም።

አሁን ደግሞ የከተማችንን የታወቀ ጉዳይ አስቡት። ልጁ ሳያገባ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶለታል፤ 20 በመቶውን ከራሱ ቁጠባ ከፍሏል፤ ቀሪው 80 በመቶ የባንክ ብድር ነው። ከዚያ አገባ። ብድሩ በየወሩ የሚከፈለው ከደመወዙ ነው፤ ደመወዙ ደግሞ ከጋብቻው ቀን ጀምሮ የጋራ ሆኗል። ከአሥር ዓመት በኋላ ቤቱ የማን ነው? እርሱ «ዕጣው የወጣው በእኔ ስም ነው» ይላል፤ እርሷ «አብረን ከፈልነው» ትላለች፤ ሁለቱም የሚናገሩት እውነት ነው። ከሠርጉ በፊት በሰላም ቀን ተቀምጠው ሦስት መስመር ቢጽፉ ኖሮ ይህ ክርክር ችሎት አይደርስም ነበር። ቤቱ የግል ይሁን፣ የሚከፈለው ዕዳ ግን ይታሰብላት፤ ወይም ቤቱ የጋራ ይሁን። የትኛውም ይሁን፣ የእናንተ ምርጫ ነው። ምርጫውን ለዳኛ አትተዉት ነው የምለው።

ጊዜውን ልብ በሉ። ሕጉ የጋብቻ ውል ከጋብቻው በፊት ወይም በዕለቱ እንዲደረግ ይፈቅዳል። ከዚያ በኋላ ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው የሚያደርጉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም። እስከ ፊርማው ቀን ብዕሩ በእጃችሁ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግን ዳኛ ያስፈልጋችኋል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ከባል ወገን ሁለት፣ ከሚስት ወገን ሁለት፣ አራት ምስክሮች ይፈርሙበት። ሕግ የከለከለውን ልትጽፉበት አትችሉም፤ በሦስተኛ ሰው ላይ ግዴታ መጫንም አትችሉም። «የሙሽራው አባት ቤት ይሠራሉ» የሚል አንቀጽ አይቼ አውቃለሁ። አባትየው የተፈራረሙት ነገር የለም፤ እንዲያውም አልሰሙም ነበር።

ከፎቶ ኮፒ ቤት የሚገዛውን የውል ቅጽ አልወደውም። የሌላ ሰው ልብስ ነው፤ እጅጌው ይረዝማል፣ ወገቡ ይጠባል። ባዶ ወረቀት አምጡና መጀመሪያ ያላችሁን ጻፉ። ከዚያ ያለባችሁን ጻፉ። ዕዳ ላይ ሁሉም ሰው ድምፁ ይቀንሳል፤ እናንተ ግን እዚያው ላይ ቆዩ። የአንዱ ዕዳ በመጀመሪያ ከራሱ የግል ሀብት ይጠየቃል፤ የግል ሀብት ከሌለው ግን የጋራ ሀብታችሁ ላይ ይመጣል። ለሠርጉ ብሎ ሙሽራው ከጓደኛው የተበደረው ገንዘብ ሙሽራዋ ሳታውቅ ከእርሷ ደመወዝ ሊከፈል ይችላል ማለት ነው። ለድግሱ ተበድራችሁ ከሆነ ስንት እንደሆነ፣ ከማን እንደሆነ፣ በማን ስም እንደሆነ ከቬሎው ኪራይ በፊት ተነጋገሩ። ለእናት በየወሩ የሚላከውን፣ የታናሽ ወንድምን ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የእቁቡን ዕጣም አንሡ። ይህን ጨዋታ በሽማግሌ አታድርጉት። ሽማግሌ ለማስታረቅ ነው፤ እናንተ ገና አልተጣላችሁም። ሁለታችሁ ብቻ፣ ቤተሰብ በሌለበት፣ ካስፈለገም በሁለት በሦስት ቀን ጨርሱት። እጮኛችሁ ስለ ገንዘብ ሲጠየቅ የሚቆጣ ሰው ከሆነ ይህንንም ያኔውኑ ታውቃላችሁ።

ከተጋባችሁ በኋላ ደግሞ የጋራ ቤት ለመሸጥ ወይም ለማከራየት የሁለታችሁ ስምምነት ያስፈልጋል። ከ500 ብር በላይ ለመበደር፣ ለማበደር ወይም ዋስ ለመሆንም እንደዚሁ። በ1992 ዓ.ም. 500 ብር ቁም ነገር ነበር፤ ዛሬ አንድ ሰው ሚስቱን ሳያማክር ጓደኞቹን ምሳ ለመጋበዝም ይቸግረዋል። ሕጉ ግን ቁጥሩን እንዲሁ እንደያዘ ነው የማውቀው፤ ባንኮች የትዳር ጓደኛ ፊርማ የሚጠይቁትም በከንቱ አይደለም።

ስለ ጥሎሽም አንድ ነገር። ወርቁና ልብሱ በእንግዶች ፊት ሲዘረገፍ ያምራል፤ ለእርሷ የተሰጠ ስጦታ ስለሆነም የእርሷ ነው። ለሁለታችሁ በአንድነት የተሰጠ ስጦታ ግን፣ ሰጪው ሌላ ካላለ፣ የጋራ ነው። አክስት የሰጠችው ፍሪጅ ለማን እንደተሰጠ አክስትን ያኔውኑ ጠይቁ። ከዓመታት በኋላ አክስት የምታስታውሰው የወቅቱን ዝምድና እየመዘነች ነው።

በተክሊል ወይም በኒካህ የምትጋቡ፣ ወይም በአገር ባህል የምትጋቡ፣ ጋብቻችሁ በሕግ ፊት ሙሉ ጋብቻ ነው፤ የወረዳ ፊርማ የግድ አይጨመርበትም። ማስመዝገብ ግን አለባችሁ፤ በ30 ቀን ውስጥ። ሳይመዘገብ የቀረ ጋብቻ ባዶ አይሆንም። ነገር ግን አንዱ ሲሞት ወይም ቪዛ ሲጠየቅ የምስክር ወረቀት ስለሌለ ባልና ሚስት ሆናችሁ መኖራችሁን በጎረቤት ምስክርነት ማስረዳት ይመጣል። ያን ጊዜ ጎረቤት ሰፈር ቀይሮ ይገኛል።

እንግዲህ ለፊርማው ቀን ትንሽ ድግስ አድርጉለት። አራቱን ምስክሮች ከኮሪደር አትልቀሟቸው። በዕድሜ ከእናንተ ብዙ የማይበልጡ፣ ቢያንስ አንዱ አፉን የማይፈራ፣ ሁለታችሁንም የሚያውቁ ሰዎች ምረጡ። ውሉን ከመፈረማቸው በፊት ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ ያልገባቸውን ይጠይቁ፤ ለእነርሱ ያልገባ ነገር ለዳኛም አይገባም። አንድ ቅጂ ፍርድ ቤት ወይም ክብር መዝገብ ይቀመጥ፤ አንድ አንድ ቅጂ ደግሞ እያንዳንዳችሁ ያዙ፣ በአንድ መሳቢያ ውስጥ ሁለቱን አታስቀምጡ። ከዚያ ምስክሮቹን ምሳ አብሏቸው። ሒሳቡን ሙሽራው ይክፈል የሚል አንቀጽ አዋጁ ውስጥ የለም፤ እርሱንም እዚያው ተነጋገሩበት።