የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከቲዩነሩ ጋር የማይገጥሙ የድሮ ዘፈኖች

ጥያቄ፦ ክራር መማር የጀመርኩት በቅርቡ ነው። አባቴ ያስቀመጧቸውን የድሮ ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ አብሬ ልለማመድ ስል አንዱም ዘፈን ከክራሬ ጋር አልገጥም አለኝ። ክራሬን የቃኘሁት በስልኬ ላይ በጫንኩት ቲዩነር (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ፕሮግራም) ነው። ዘፈኖቹን ለቲዩነሩ ሳሰማው ደግሞ ድምፆቹ ከቦታቸው 40 ሴንት (የግማሽ ድምፅ 40 መቶኛ) ያህል ከፍ ብለው ይታያሉ። የተሳሳተው ማን ነው? የድሮዎቹ ሙዚቀኞች ሳይቃኙ ነበር የሚጫወቱት? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር። ሙዚቀኞቹ ይቃኙ ነበር፤ የሚቃኙበት መነሻ ግን ስልክዎ ከሚያውቀው መነሻ ጋር አንድ ላይሆን ይችላል። ቲዩነርዎ ሁሉንም ነገር የሚለካው «ላ» የተባለው ድምፅ በሰከንድ 440 ጊዜ ይርገበገባል ከሚለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ተነሥቶ ነው። ክራር ግን በባህሉ የሚቃኘው በዘፋኙ ጉሮሮ ልክ ነው፤ ተጫዋቹ አንዱን አውታር ለድምፁ በሚመች ከፍታ ላይ ካሳረፈ በኋላ ሌሎቹን ከእርሱ ጋር እያስማማ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን ወይም አንቺ ሆዬን ያወጣል። መነሻው ቢወርድም ቢወጣም በአውታሮቹ መካከል ያለው ርቀት እስካልተለወጠ ድረስ ትዝታው ትዝታ ነው። ዋሽንት ነፊ የቀዳዳዎቹን ቦታ መለወጥ ስለማይችል፣ ለየዘፋኙ የሚስማማ እንዳያጣ ርዝመታቸው የተለያየ በርካታ ዋሽንቶች ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ሰው ክራሩን ብቻ ይዞ የተቀዳው ዘፈን ከ440 ጋር ስላልገጠመ ተበላሽቷል ማለት ፈጽሞ ተገቢ አይደለም።

ይሁን እንጂ የእርስዎን ካሴቶች በተመለከተ እኔ የምጠረጥረው ሙዚቀኞቹን ሳይሆን ማጫወቻውን ነው። የካሴት ክር በማጫወቻው ራስ ፊት ማለፍ ያለበት በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ፍጥነት ነው። ይህን ፍጥነት የሚጠብቁት አንዲት ትንሽ ሞተር፣ የላስቲክ ቺንጊያ፣ ቀጭን የብረት ዘንግና ክሩን ከዘንጉ ጋር የሚያጣብቅ የጎማ መንኮራኩር ሲሆኑ፣ ቺንጊያው ሲላላ፣ ጎማው ሲደርቅ ወይም ሞተሯ ስታረጅ ፍጥነቱ ይዛባል። የተዛባው የመቅጃው መሣሪያ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ ዘግይቶ እየዞረ የቀዳ ቴፕ በትክክለኛ ማጫወቻ ላይ ሲዞር ፈጥኖ፣ ድምፁም ቀጥኖ ይሰማል። በዚያ ላይ በብዙ ቤት የሚገኙት ካሴቶች ከካሴት ላይ የተገለበጡ ናቸው፤ እያንዳንዱ ግልባጭ የራሱን ስሕተት በቀደመው ላይ ይጨምራል።

መጠኑን በቁጥር እንየው። ፍጥነት በ6 በመቶ ገደማ ሲጨምር ድምፁ በአንድ ግማሽ ድምፅ፣ ማለትም በ100 ሴንት ከፍ ይላል። የእርስዎ 40 ሴንት ወደ 2.3 በመቶ የሚጠጋ የፍጥነት ጭማሪ ነው፤ የ4 ደቂቃ ዘፈን ከአምስት ሰከንድ በላይ ቀድሞ ያልቃል ማለት ነው። ምቱም፣ የዘፋኙ ድምፅ ውፍረትም አብረው ይለወጣሉ። የድምፆቹ እርስ በርስ ርቀት ግን አይነካም፤ ቅኝቱን ጆሮዎ ያለ ችግር የሚለየው፣ ክራርዎ ግን የሚያኮርፈው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቲዩነር የሚያሳየው ለሰማው ድምፅ የሚቀርበውን ድምፅ ብቻ ስለሆነ፣ «40 ሴንት ከፍ ብሏል» ያለው ዘፈን በእውነቱ ከላይኛው ድምፅ 60 ሴንት ዝቅ ያለ፣ ማለትም 3.4 በመቶ ያህል የዘገየ ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት የዘፋኙን ድምፅ ከሌላ ቅጂ ጋር ያስተያዩ፤ የዚያው ዘፈን ሸክላ ከተገኘ ከሁሉ ይሻላል።

ከዚያም በአንድ የካሴት ገጽ ላይ ያሉትን ዘፈኖች ሁሉ አንድ በአንድ ይፈትሹ። ሁሉም በእኩል መጠን ከተዛቡ ጥፋቱ የማሽን ነው፤ አንዱ በ10፣ ሌላው በ35 ሴንት ከተለያየ ግን ሙዚቀኞቹ ለየዘፈኑ የተለያየ መነሻ ይዘው ነበር ብሎ ማሰብ ይቻላል። በቀረጻው ውስጥ ቫይብራፎን ካለ ደግሞ ዕድለኛ ነዎት። ሙላቱ አስታጥቄ ለአገራችን ጆሮ ያስለመዱት ይህ መሣሪያ የብረት ዘንጎቹ በፋብሪካ ተሞርደው የሚቃኙ በመሆናቸው ተጫዋቹ መድረክ ላይ ከፍና ዝቅ ሊያደርጋቸው አይችልም፤ ቫይብራፎኑ በ40 ሴንት ከተዛባ ማሽኑን ከመጠርጠር ሌላ መንገድ የለም። ትንፋሽ መሣሪያዎች ግን እንዲህ ያለ ምስክርነት አይሰጡም፤ ሳክስፎኒስት በአፉ የሚይዘውን የመሣሪያውን መንፊያ ገፋ ወይም ሳብ በማድረግ ብቻ ድምፁን ይለውጣል፤ የክፍሉ ሙቀትም በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር መሣሪያው 3 ሴንት ያህል ከፍ ይላል።

ሌላው ምስክር ብዙ ሰው እንደ ጉድለት የሚቆጥረው የኤሌክትሪክ ጉምጉምታ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ በቀረጻ ውስጥ ሾልኮ የሚገባው ጉምጉምታ በ50 ወይም በ100 ሄርዝ (በሰከንድ ምልልስ) ላይ ይገኛል። ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ባለው ጸጥታ ውስጥ ያለውን ጉምጉምታ ለኮምፒውተሩ አስለክተው 102.3 ካገኙ፣ ካሴቱ በ2.3 በመቶ እንደሚፈጥን ራሱ ነገረዎት። ካሴቱ ሳይዞር የሚሰማ ጉምጉምታ ግን የራስዎ ሽቦ የፈጠረው ስለሆነ አይቁጠሩት።

መዛባቱ የማሽን መሆኑንና ካሴቱም በ2.3 በመቶ መፍጠኑን ካረጋገጡ፣ አውዳሲቲን በመሰለ ነፃ ፕሮግራም ፋይሉን በ0.977 ፍጥነት ያጫውቱት። መለወጥ ያለበት ፍጥነቱ ነው፤ የድምፁን ከፍታ ብቻ ዝቅ የሚያደርገው ትእዛዝ ምቱን እንደተጣደፈ ይተወዋል፣ የዘፋኙንም ድምፅ ያደበዝዛል። ያልተነካውን ግልባጭ ግን በምንም ምክንያት እንዳያጠፉት እለምንዎታለሁ። የድሮ ዘፈኖችን ሳይፈትሹ በጅምላ ወደ 440 እየጎተቱ «ተስተካክሏል» ብለው የሚያሰራጩ ሰዎች እየበዙ ነው፤ የክራር ተጫዋቹ በራሱ ጉሮሮ ልክ የመረጠው ከፍታ በዚህ መንገድ ሲጠፋ ማየት ያሳዝነኛል። የሚፈልጉት ልምምድ ብቻ ከሆነ ፋይሉን መንካት እንኳ አያስፈልግም። ቲዩነሩን ዘግተው ክራርዎን ከዘፈኑ ጋር ይቃኙት፤ ጆሮዎም በዚያው ይሠለጥናል።

ጥያቄ፦ 440 ሄርዝ ሰውን ያስጨንቃል፣ 432 ግን ተፈጥሯዊ ነው ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እውነት አይደለም። ፈረንሳይ በ1859 እ.ኤ.አ. 435ን በሕግ ወሰነች፤ ጣሊያናዊው ጁዜፔ ቬርዲ ዘፋኞች እንዳይጎዱ 432ን ደገፈ፤ በ1939 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የተካሄደው ጉባኤ በ440 ተስማማ፤ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትም በ1955 እ.ኤ.አ. አጸደቀው። እነዚህ ሁሉ ኦርኬስትራዎችና የመሣሪያ ሠሪዎች እንዲግባቡ የተደረጉ የሰው ስምምነቶች ናቸው። ሄርዝ ራሱ የሚቆጠረው በሰከንድ ነው፤ ሰከንድንም የወሰነው ሰው ነው። በ440 እና በ432 መካከል ያለው ልዩነት 32 ሴንት ገደማ ሲሆን፣ ከአንድ ግማሽ ድምፅ ሲሶ አይበልጥም።

ጥያቄ፦ እህቴ ከአሜሪካ የቆየ የሸክላ ማጫወቻ አመጣችልኝ። በ110 ቮልት ትራንስፎርመር ባገናኘውም ዘፈኑ ሁሉ ይጎተታል፤ ሴቶቹ ዘፋኞች እንደ ወንድ ይሰማሉ። ተበላሽቶ ይሆን? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ማጫወቻው ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን ዝቅ ያደርጋል እንጂ የመብራቱን ምልልስ አይለውጥም። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 60፣ የእኛ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ብዙ የቆዩ ማጫወቻዎች ደግሞ ሞተራቸው ይህን ምልልስ ተከትሎ የሚዞር ነው። በዚህ ምክንያት በደቂቃ 33⅓ ጊዜ መዞር የነበረበት ሸክላ 28 ጊዜ እንኳ አይሞላም፤ ድምፁም ከሦስት ግማሽ ድምፅ በላይ ይወርዳል። አንዳንድ አምራቾች በሞተሩ ዘንግ ላይ የሚገጠመውን ቺንጊያ አዟሪ ለ50 ሄርዝ የሚሆነውን ለይተው ሠርተዋል፤ የማጫወቻውን ሞዴል ቁጥር ይዘው ያፈላልጉ። የለውም ከተባሉ አንድ ጥሩ የቶርኖ ባለሙያ የነበረውን ለክቶ ውፍረቱን በ1.2 እጥፍ አሳድጎ ሊቀርጽልዎ ይችላል። እስከዚያው ሸክላዎቹን ኮምፒውተር ላይ ቀድተው በ1.2 ፍጥነት ቢያጫውቷቸው ዘፋኞቹ ወደ ገዛ ድምፃቸው ይመለሳሉ።