ቶኒ ለዴቪ ለምን አበደረው?

ሰላም ወንድሜ። ስለ «ዘ ሶፕራኖስ» ተከታታይ ድራማ «ዴቪ እንደማይከፍል እያወቀ የማፊያው አለቃ ቶኒ ሶፕራኖ ለምን አበደረው?» ላልከው፣ ሱቁን አይቶ ነዋ! መጀመሪያ ተው ብሎት ነበር፤ በኋላ ግን ሱቅ እንዳለህ ስለማውቅ ነው ብሎ በአፉ ይነግረዋል። ዴቪ የስፖርት ዕቃ መደብር አለው። በቁማር 45 ሺህ ዶላር ተበላ። ከዚያ እነ ቶኒ በመደብሩ ስም ዕቃ በዱቤ እያዘዙ ይቸበችባሉ። ዕዳው ዴቪ ላይ ይቆለላል፣ ሱቁም ይከስራል።

እኔን ያንገበገበኝ የልጁ መኪና ነው። አባት የገዛ ልጁን መኪና ለዕዳ ሲሰጥ! ቶኒ ደግሞ ለሴት ልጁ ስጦታ ይዞላት ይመጣል። የማን እንደሆነ ወዲያው አወቀችው።

እዚህ ድሬ አንድ የከዚራ አብሮ አደጌ በቤቲንግ ተይዞ የእህቱን ስልክ ታይዋን ገበያ ወስዶ ሲሸጥ አይቻለሁ። ካርቶኑን በሁለት እጁ አቅፎ ነበር። ያንን ክፍል ሳይ እሱ ነው የመጣብኝ።