ልስን ወይስ ጂፕሰም ቦርድ?

ሰላም ወንድሜ። ሽምብጥ የጀመርከው የብሎኬት ቤት ውስጡ ይለሰን ወይስ በጂፕሰም ቦርድ፣ ተዘጋጅቶ በሚሸጠው የጂፕሰም ሰሌዳ፣ ይሸፈን ብለህ ጠይቀሃል። ግንበኛው «ቦርድ ይሻልሃል፣ ቶሎ ያልቃል» እንዳለህም ጽፈሃል። ሁለቱንም እዚሁ ባሕር ዳር አሠርቻለሁ። ብሎኬቱን አስለስነው።

የእናቴ ቤት ከጣና ብዙ አይርቅም። የሳሎኑ አንድ ግድግዳ ከታች እርጥበት ይስባል። ቀለሙ ይላጣል፣ ነጭ ጨው ያወጣል። እኔም ጥቅምት ላይ በቦርድ አሸፈንኩት። በሦስት ቀን አለቀ፤ እናቴ መርቃኝ አልጠገበችም። ክረምት ገብቶ ነሐሴ ላይ ቤቱ ሻጋታ ሻጋታ ይሸት ጀመር። ሶፋውን ስናነሳ ቦርዱ ከታች ክንድ ያህል አብጧል፣ ጣት ሲነካው ይሰረጉዳል። ስናፈርሰው ጀርባው ጠቁሯል። ጂፕሰም ውሃ ይጠጣል፣ ፊትና ጀርባው ደግሞ ወረቀት ነው። ሻጋታ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። እርጥበት ይቋቋማል የሚባለው አረንጓዴው ቦርድም ቢሆን የሻወር ቤት እንፋሎት ይችል እንደሆን እንጂ ከመሬት የሚወጣ ውሃ አይችልም። በመጨረሻ በውጭ በኩል ግድግዳው ላይ የተቆለለውን አፈር ዝቅ አደረግን፣ የጣሪያውን ውሃ በአሸንዳ አራቅን፣ ግድግዳውን በጋውን ሙሉ አደረቅነው። ከዚያ በኋላ በሲሚንቶ አስለሰንኩት። ቦርዱ ችግሩን ሸፍኖት ነበር እንጂ አልፈታውም።

ልስን ግን ጥድፊያ አይወድም። የራሴ መኝታ ቤት እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል፤ ሲያንኳኩት አንዳንድ ቦታ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። አሸዋው አፈር ነበረው፣ ለሳኙም ደረቅ ብሎኬት ላይ ነው የለጠፈው። ስለዚህ አሸዋውን በመዳፍህ እሸው፤ እጅህን ካቆሸሸ ይታጠብ። ብሎኬቱ ቀድሞ ይርጠብ። መጀመሪያ ልስኑ እንዲይዝ ቀጠን ያለ የሲሚንቶና የአሸዋ ርጭት፣ ቀጥሎ ልስኑ በስስ በስሱ ይደረብ፤ በአንድ ጊዜ ወፍራም አታስለጥፍ። ካለቀ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣው፤ ይህን ለሠራተኛ አትተወው፣ ራስህ ቁም። ቀለም ለመቀባት አንድ ወር ያህል ታገስ። መድረቁን ለማወቅ ቁራጭ ፕላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በማሸጊያ ፕላስተር ለጥፈህ አሳድረው። በግድግዳው በኩል ካላበው ገና ነው።

ቦርድን አልጠላም። ለኮርኒስ ጥሩ ነው። ፎቅ ላይ ክፍል ለመከፋፈልም ቀላል ስለሆነ ወለሉን አይጫነውም። ቦርዱ የሚታሰርባቸው ብረቶች እርስ በርስ ያላቸው ርቀት ከ60 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። ቴሌቪዥን ወይም የወጥ ቤት ካቢኔ የሚሰቀልበት ቦታ ቦርዱ ከመዘጋቱ በፊት ከጀርባው ጣውላ አስገባ፤ ቦርዱ ብቻውን አይሸከምም።

የሻወር ቤቱ ቧንቧ በየትኛው ግድግዳ እንደሚያልፍ ጻፍልኝ። ልስኑ ከመጀመሩ በፊት ውሃ ሞልተህ፣ ጫፉን ዘግተህ አሳድረው። አንዲት ጠብታ ካየህ ለሳኙን አታስገባ።